የወጣቶችን ልብወለድ እያነበቡ የግል ጽሕፈትን ማዝለቅ፦ ዝርዝር መመሪያ

በትምህርት ቤት ዘመናቸው ደብተር ሙሉ ማስታወሻና ግጥም ይጽፉ ከነበሩ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ፣ ሥራና ኑሮ ሲከተል፣ እስክርቢቶን ለፊርማና ለአስቤዛ ሒሳብ ብቻ አስቀርተውታል። ይህ መመሪያ በተለይ ለእነሱ የተጻፈ ነው፤ አሁንም በትምህርት ላይ ያለ ወጣት ቢጠቀምበት ግን የሚጎድልበት ነገር የለም። የወጣቶች ልብወለድ ገጠመኝን ገና ትኩስ ሳለ፣ ከቅርብ ሆኖ የሚተርክ የድርሰት ዘርፍ ነው፤ የግል ማስታወሻ የሚጽፍ ሰውም የሚቸገረው በዚሁ በቅርበት ጉዳይ በመሆኑ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አያገኝም። ስለዚህ ንባቡና ጽሕፈቱ በየፊናቸው ከሚሄዱ ይልቅ አንዱ ሌላውን የሚመግብበት የአንድ ዓመት ሥርዓት ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ቀርቧል።

አንደኛ እርምጃ፦ ዘርፉን ለይቶ ማወቅ

የወጣቶች ልብወለድ ሲባል በተለምዶ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ዓመት ለሆኑ አንባቢዎች ታስቦ የሚጻፍ፣ ዋና ገጸ ባሕርይውም በዚያው ዕድሜ ያለ ልብወለድ ማለት ነው። ዕድሜ ብቻውን ግን አይለየውም፤ ዋናው መለያ ተራኪው ከነገሩ ያለው ርቀት ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ከመወለዱ በፊት ጀምሮ ይከተለዋል፤ ታሪኩም የወጣቶች ፍቅር ታሪክ ነው። ሆኖም የሚተርክልን ሁሉን የሚያውቅ፣ ከገጸ ባሕርያቱ በላይ ሆኖ የዘመኑን ሥርዓት የሚመዝን አዋቂ ድምፅ ነው። በወጣቶች ልብወለድ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ነገሩ ገና ያላለቀለት፣ ትርጉሙም በቅጡ ያልገባው ልጅ ራሱ ነው። ልጁ ሲሳሳት አንባቢው አብሮት ይሳሳታል፤ ስሕተቱን ቀድሞ የሚነግረው ሽማግሌ በአካባቢው የለም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ የታተመው የኤስ. ኢ. ሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ» ነው። ሂንተን በኦክላሆማ ግዛት የተልሳ ከተማ ልጅ ስትሆን፣ መጽሐፉን የጻፈችው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ነው። ተራኪው ፖኒቦይ የ14 ዓመት ልጅ ነው። መጽሐፉ ሲያልቅ አንባቢው የሚገነዘበው፣ እስከዚያ ድረስ ያነበበው ሁሉ ልጁ ለእንግሊዝኛ መምህሩ የጻፈው ድርሰት መሆኑን ነው፤ የመጽሐፉ መዝጊያ ዓረፍተ ነገርም መክፈቻው ራሱ ነው። (መጨረሻውን በመግለጤ ላላነበቡት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ነገር ግን የግል ጽሕፈትና የወጣቶች ልብወለድ የሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውን ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።)

ሁለተኛ እርምጃ፦ መጽሐፍ መምረጥና ማግኘት

በአማርኛ መጻሕፍት መደብሮች «የወጣቶች» ተብሎ የተለየ መደርደሪያ እምብዛም ስለማይገኝ፣ መራጩ በሽፋኑ ላይ ከመተማመን ይልቅ መጽሐፉን ገልጦ መፈተሽ ይኖርበታል። ቆመው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች ያንብቡ፤ ከዚያም ከመሐል አንድ ገጽ ከፍተው ያንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ድምፁን ይነግሩዎታል፤ የመሐሉ ገጽ ደግሞ ደራሲው ያንን ድምፅ ይዞ መዝለቁን ወይም አለመዝለቁን ያሳያል። በመክፈቻው እንደ ልጅ ተናግሮ በመሐል እንደ ሰባኪ የሚመክር መጽሐፍ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች በ4 ኪሎ የሚገኘው፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትና የቀድሞው ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) በነጻ ተቀምጦ ለማንበብ አመቺ ናቸው። አሮጌ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ደግሞ በመንገድ ላይ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ በትዕግሥት ከተፈለጉ አይጠፉም። በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለታዳጊዎች የተለየ ክፍል ወይም መደርደሪያ ይኖራቸዋል፣ በቤተ መጻሕፍቱ ካርድም ሊቢ በተባለው መተግበሪያ መጽሐፍን በስልክ መዋስ ይቻላል። ምርጫው ከበዛባቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በየዓመቱ ለአንድ የወጣቶች መጽሐፍ የሚሰጠውን የፕሪንትዝ ሽልማት ዝርዝር መመልከት ጥሩ መነሻ ነው። ሽልማቱ ስሙን ያገኘው በካንሳስ ግዛት በቶፒካ ከተማ ከነበረ አንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው።

ለአንድ ወር አንድ መጽሐፍ ይበቃል። 250 ገጽ ያለው መጽሐፍ በቀን 10 ገጽ ቢነበብ 25 ቀን ይፈጃል፤ የእኛ ወር ደግሞ ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ፣ ለሁለተኛው ንባብ አምስት ቀን ይተርፋል። በዚህ ስሌት በዓመት 12 መጻሕፍት ይነበባሉ፤ ጳጉሜን ለሌላ ሥራ ትቀመጣለች፣ ወደ እሷ በመጨረሻ እንመለሳለን።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ሁለት ጊዜ ማንበብ

የመጀመሪያው ንባብ ያለ እስክርቢቶ ይሁን። እያሰመሩ ማንበብ የትጉህ ተማሪ ምልክት ቢመስልም፣ ታሪኩ አንባቢውን እንዲወስደው ዕድል አይሰጥም፤ ያልተወሰደ አንባቢ ደግሞ በምን እንደተወሰደ ሊመረምር አይችልም። በዚህ ንባብ የሚፈቀደው ነገር ልብዎ የቆመበትን ገጽ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ላይ መያዝ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ንባብ መጽሐፉን በሙሉ መድገም አያስፈልግም። መክፈቻውን፣ ታሪኩ የሚታጠፍበትን ቦታና መዝጊያውን ይምረጡ፤ በቁራጭ ወረቀቱ ላይ ከያዟቸው ገጾችም ሁለቱን ይጨምሩ። ከእያንዳንዱ ቦታ አንድ ዓረፍተ ነገር በእጅዎ ይገልብጡ፤ ከሥሩም ዓረፍተ ነገሩ ምን እንደሚል ሳይሆን ምን እንደሚሠራ ይጻፉ። ለምሳሌ «ልጁ እናቱ እንደታመመች ሳይናገር፣ ሻይ ራሱ ማፍላት እንደጀመረ በመናገር ብቻ አሳወቀን» የሚል ማስታወሻ ለጽሑፍዎ ይጠቅማል። «በጣም የሚያሳዝን ቦታ ነው» የሚለው ግን ከወር በኋላ ለራስዎም ምንም አይነግርዎትም።

አራተኛ እርምጃ፦ ያነበቡትን በአማርኛ መልሶ መሥራት

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚጠይቀውና ከሁሉም በላይ የሚክሰው ይህ እርምጃ ነው። ዛሬ የሚታተሙ ብዙ የእንግሊዝኛ የወጣቶች ልብወለዶች በአንደኛ መደብና በአሁን ጊዜ ግሥ ይተረካሉ፤ ተራኪዋ በር ስትከፍት አንባቢው አብሯት ይከፍታል። ይህን አጻጻፍ እንዳለ ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሰው «በሩን እከፍታለሁ፤ ማንንም አላይም» ብሎ ይጽፋል። በአማርኛ ግን «እከፍታለሁ» የሚያመለክተው ወይ ወደፊት የሚሆነውን ወይ ዘወትር የሚሆነውን ነው፤ አንባቢው ከልጅቷ ጋር በሩ ላይ መቆሙ ይቀርና፣ ነገ ልትከፍት ነው ወይስ በየቀኑ ትከፍታለች ብሎ ማሰብ ይጀምራል። እኔም በዚህ ስሕተት አንድ ሙሉ ደብተር ፈጅቻለሁ፤ ሲነበብ ታሪክ ሳይሆን የሥራ ዕቅድ ይመስል ነበር።

መፍትሔው በየቤቱ ወሬ ሲወራ ይሰማል። የደነገጠበትን ነገር የሚያወራ ሰው «በሩን ብከፍት ማንም የለም!» ይላል፤ «ዞር ስል አባቴ ቆሟል» ይላል። የመጀመሪያው ግሥ በ«ብ» ወይም በ«ስ» ተንጠልጥሎ ሁለተኛው በ«የለም» ወይም በ«ቆሟል» ስለሚዘጋ፣ ነገሩ ያለፈ ቢሆንም አሁን ዓይናችን ፊት እንደሆነ ይሰማናል። ሌላው መሣሪያ ቦዝ አንቀጽን መደርደር ነው፦ «ተነሥቼ፣ ነጠላዬን ደርቤ፣ ውሻው እንዳይሰማኝ ጫማዬን በእጄ ይዤ…» እየተባለ ሲሄድ፣ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ድረስ አንባቢው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ብልኅ ጸሐፊ ማሰሪያውን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል፤ ቶሎ ካሰረው ጥርጣሬው ይሞታል፣ ከመጠን በላይ ካዘገየው ደግሞ አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የአክብሮት አጠራር ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ተውላጠ ስም የሚሸከመውን ሁሉ አማርኛ በ«አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እና «አንቱ» ይከፋፍለዋል። ይህ ለተርጓሚ ራስ ምታት ቢሆንም ለጸሐፊ ሀብት ነው፤ ምክንያቱም በወላጅና በልጅ መካከል የሚፈጠረውን ቅርበትና ቅያሜ ያለ አንዳች ማብራሪያ በግሡ መጨረሻ ላይ ማሳየት ይቻላል። አባቱን ሁልጊዜ «አባዬ፣ ትሰማኛለህ?» የሚል ልጅ አንድ ቀን «ይሰሙኛል?» ቢለው፣ አክብሮቱ እንደጨመረ ሳይሆን በር እንደተዘጋ አንባቢው ወዲያው ይገባዋል። በአንጻሩ የአንደኛ መደብ ግሥ ጾታ ስለማይለይ፣ «እኔ» ብሎ የሚተርክ ገጸ ባሕርይ ሌላ ሰው እስኪጠራው ድረስ ሴት ይሁን ወንድ ሳይታወቅ ገጾችን ሊጓዝ ይችላል። በሁለተኛና በሦስተኛ መደብ ነጠላ ግን፣ ከአክብሮት አጠራር በቀር፣ አማርኛ ይህን አይፈቅድም፤ ዕድሉን ሆነ ብሎ የሚጠቀም ጸሐፊ ግን ብዙ አላየሁም።

ልምምዱ እንደሚከተለው ይከናወናል። ካነበቡት መጽሐፍ ግማሽ ገጽ የሚሆን ትዕይንት ይምረጡና መጽሐፉን ይዝጉት። ትዕይንቱን በተመሳሳይ ስሜት፣ ነገር ግን በሚያውቁት ቦታና በሚያውቋቸው ሰዎች፣ በመጀመሪያ በተራ ኃላፊ ጊዜ ይጻፉት፤ ቀጥሎ ለጓደኛ እንደሚያወሩት አድርገው ይጻፉት፤ በመጨረሻም ለአንድ ሰው እንደተላከ ደብዳቤ ይጻፉት። ሦስቱንም ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። ምላስዎ የተደናቀፈበት ቦታ ብዙውን ጊዜ የባዕድ ቋንቋ አካሄድ ተጣብቆ የቀረበት ቦታ ነው። ይህ የግል ልምምድ እንጂ የሚታተም ሥራ ባለመሆኑ የሌላውን ደራሲ ትዕይንት መነሻ ማድረግ ነውር የለውም፤ ወደፊት ለሌላ አንባቢ የሚቀርብ ነገር ሲሆን ግን መነሻው የራስዎ ይሁን።

አምስተኛ እርምጃ፦ ሁለት ደብተር መያዝ

አንዱ ደብተር የጥሬው፣ ማለትም በየቀኑ እንደመጣ የሚጻፈው፣ ሌላው የተሠራው፣ ማለትም ከዚያ ተመርጦ የሚታረመው ይሁን። ለጥሬው ተራ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይሻላል፤ የቆዳ ሽፋን ያለው ውድ ማስታወሻ ሰውን ስለሚያስፈራው አሳምሮ ለመጻፍ ሲጠብቅ ባዶውን ይከርማል። በየገጹ ቁጥር ይስጡ፤ የመጀመሪያውን ሉክ ባዶ ትተው በኋላ የርዕሶች ማውጫ ያድርጉት። ከኢትዮጵያ ውጭ የሚኖሩ ከሆነ በሁለቱም አቆጣጠር ቀኑን ይጻፉ፤ ዓመታት ሲያልፉ «መስከረም 20» የትኛው ቀን እንደነበር ማስላት አድካሚ ነው።

የሁለቱን ደብተሮች ልዩነት በተግባር ካሳዩት አንዷ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚዎች የተደበቀችው አይሁዳዊት ልጅ አን ፍራንክ ናት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1942 በ13ኛ ዓመት የልደት ቀኗ ባገኘችው ማስታወሻ ላይ፣ በአምስተርዳም ተደብቃ በኖረችባቸው ዓመታት፣ «ኪቲ» ብላ ለሰየመቻት ምናባዊ ጓደኛ ትጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 የጸደይ ወራት፣ በለንደን የነበረው ስደተኛው የኔዘርላንድ መንግሥት ሚኒስትር ሰዎች የጦርነቱን ዘመን ማስታወሻዎቻቸውን እንዲያቆዩ በሬዲዮ ሲናገር ሰማች። ከዚያ በኋላ የቀድሞውን ሳታጠፋ፣ በልዩ ወረቀቶች ላይ ለአንባቢ በሚሆን መልክ እንደገና መጻፍ ጀመረች፤ የቆረጠችው፣ የጨመረችውና ስሙን የቀየረችው ብዙ ነው። እንደ ድንገተኛ የልጅ ኑዛዜ የምናነበው ጽሑፍ በከፊል የታረመ ሥራ ነው ማለት ነው። ከእሷ የምንወስደው ትምህርት ጥሬውን ባለማጥፋት ላይ ያለውን ብልኅነት ነው፤ እርማት በሌላ ወረቀት ላይ ይሠራል እንጂ በመጀመሪያው ቃል ላይ አይሠረዝም።

ስድስተኛ እርምጃ፦ መጠንና ሰዓት መወሰን

ሂንተን የመጀመሪያ መጽሐፏ ከተሳካ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት መጻፍ አቅቷት ነበር። ያላቀቃት ኋላ ባሏ የሆነው ወጣት በቀን ሁለት ገጽ እንድትጽፍ መገፋፋቱ ነው፤ ሁለተኛው መጽሐፏም እ.ኤ.አ. በ1971 ታተመ። ሁለት ገጽ ለልብወለድ ደራሲ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ቀን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ግን ግማሽ ገጽ ይበቃል ባይ ነኝ። ቁም ነገሩ መጠኑ በደከመዎት ቀን እንኳ የሚቻል መሆኑ ነው።

ሰዓቱን በሰዓት ቁጥር ከመወሰን ይልቅ አስቀድሞ ካለ ልማድ ጋር ማያያዝ ይበጃል፦ ከማለዳ ቡና በኋላ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ወይም የምሽቱ ዜና ሲያልቅ። ስልክ ላይ መጻፍ የሚቀናው ሰው የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ጭኖ መጠቀም ይችላል፤ በሰው ቤት ተቀጥረው ለሚኖሩና የራሴ የሚሉት መሳቢያ ለሌላቸው ስልክ ብቸኛው አማራጭ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ምርጫ ላለው ግን ወረቀት ይሻላል፤ ስልክ እየጻፉ ሳለ መልእክት ያመጣል።

ስለሚጻፈው ነገር አንድ ጥብቅ ደንብ ልስጥ፦ የስሜቱን ስም ከመጻፍዎ በፊት ስሜቱ የታየበትን ነገር ይጻፉ። «ዛሬ በጣም ከፍቶኝ ዋልኩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም በማናቸውም ቀን ሊጻፍ ይችላል። «ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሁለት ጊዜ ‹ሒሳብ› ሲለኝ አልሰማሁትም፤ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ከፈሉልኝ» የሚለው ግን የዚያ ቀን ብቻ ነው፤ መከፋቱም ሳይጠራ በውስጡ አለ። የወጣቶች ልብወለድ ይህን ደንብ ያለ ድካም ያስተምራል፤ ልጅ ተራኪ የስሜቱን ስም ገና ስለማያውቀው ያየውን ከመናገር ሌላ አማራጭ የለውም።

ምንም አልተፈጠረም ብለው በሚያስቡበት ቀን አንድ የሰሙትን ንግግር ቃል በቃል ይጻፉ፤ ያም ካልተገኘ አንድ ዕቃ ይግለጹ።

ሰባተኛ እርምጃ፦ የተቋረጠውን መቀጠል

መቋረጡ አይቀርም። ልቅሶ ይመጣል፣ ሠርግ ይመጣል፣ የፈተና ሰሞን ይመጣል። ያመለጡትን ቀናት ወደኋላ ተመልሶ ለመሙላት መሞከር ጽሕፈትን ከሚገድሉት ስሕተቶች ዋነኛው ነው፤ የ12 ቀን ዕዳ የተከመረበት ሰው 13ኛው ቀን ላይ ደብተሩን ማየት ይጠላል። ስለዚህ በዛሬው ቀን ይጀምሩ፤ «ከጥቅምት 3 እስከ 14 አልጻፍኩም» ብለው በአንድ መስመር መዝግበው ይለፉ። ንባቡም ከተቋረጠና መጽሐፉን ከግማሽ በኋላ መቀጠል ካስጠላዎት ይተዉት፤ ለምን እንደተዉት ግን ሦስት መስመር ይጻፉ። የተተዉ መጻሕፍት ማስታወሻ ከተወደዱት ይልቅ የራስን ፍላጎት የሚያሳይበት ጊዜ አለ።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ምስጢርንና ሰዎችን መጠበቅ

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ ዘመድ ደብተሬን አግኝቶ በቡና ላይ ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብሎ አነበበው። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አልጻፍኩም። ቤተሰብ በጋራ በሚኖርበት ቤት ደብተር የግል መሆኑን በቃል መናገር ያስፈልጋል፤ ሳይነገሩ ያውቁታል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስልክ ከሆነ የራሱ መቆለፊያ ይኑረው።

ስለ ሌሎች ሰዎች ሲጻፍ በጥሬው ደብተር ላይ በስም ፈንታ ለራስዎ ብቻ የሚገባ ምልክት ይጠቀሙ። በተሠራው ደብተር ላይ ግን ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ በሰፈር የሚታወቅ ሰው በሥራው፣ በአነጋገሩና በቤቱ በር ቀለም ይታወቃል። ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱን ይቀይሩ። ሌላ ሰው በምስጢር የነገረዎት ነገር ከሆነ ደግሞ ከጥሬው ደብተር እንዳይወጣ ያድርጉ።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ የጳጉሜን ንባብ

ጳጉሜን አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ደግሞ ስድስት ቀን አላት። በእነዚህ ቀናት አዲስ ነገር አይጻፍም፤ የዓመቱ ጥሬ ደብተር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበባል። ዓመት ሙሉ በየቀኑ ግማሽ ገጽ የጻፈ ሰው ወደ 180 ገጽ ያህል ስለሚኖረው፣ በቀን ከ36 እስከ 40 ገጽ ቢያነብ በአምስት ቀን ይጨርሳል፤ ይህም ከአንድ መካከለኛ ልብወለድ የሚያንስ አይደለም። ንባቡ እንደ ሦስተኛው እርምጃ ይሁን፦ ያለ እስክርቢቶ፣ ልብ የቆመባቸውን ገጾች ቁጥር ብቻ እየያዙ። ጻፍኩት ብለው የማያስታውሱት ገጽ ሲያጋጥምዎት ቁጥሩን በተለይ ይያዙ፤ እንደ ባዕድ አንባቢ ሊያዩት የሚችሉት እሱን ነውና።

በመጨረሻው ቀን ከተያዙት ገጾች ሦስት ይምረጡና ወደ ተሠራው ደብተር ያሻግሩ። እነዚህ ሦስት ገጾች በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ወራት በአራተኛው እርምጃ ልምምድ ይሠራባቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ አጭር ልብወለድ መሆን ከጀመረ፣ ለአንድ የሚያምኑት አንባቢ ብቻ ይስጡት፤ በሚሰጡበት ጊዜም «እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁት፤ ወዳጅ ለዚህ ጥያቄ «ቆንጆ ነው» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። «የት ላይ ስታነብ ቆምክ? የት ላይ ስልክህን አነሣህ?» ብለው ይጠይቁት፤ የሚነግርዎትንም የገጽ ቁጥር ሳይከራከሩ ይጻፉት።